ፕሬዚዳንቱ ሳይወዳደር የሚሸነፍበት ምርጫ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አሜሪካ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ጥቂት መስመር ጣል አድርገን ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። ከመጡት ውስጥ ስድስቱን መርጠናል። ታሪኩ የአሜሪካ ስለሆነ «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከሐዋሳ። ፕሬዚዳንቱ ገና ሁለት ዓመት ሲሞላው ሌላ ምርጫ ይደረጋል፣ ሁሌም የእሱ ፓርቲ ይሸነፋል ይባላል። ለምን? ድሮም እንዲህ ነበር?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅከው። የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚመረጠው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ፕሬዚዳንቱ ለ4፣ ሴናተሩ ለ6 ዓመት። ስለዚህ በፕሬዚዳንቱ ዘመን መሀል ላይ የተወካዮች ምክር ቤቱ በሙሉ፣ ሴኔቱ ደግሞ ሲሶው ለምርጫ ይቀርባል። ፕሬዚዳንቱ ራሱ አይወዳደርም፤ ስሙ ወረቀቱ ላይ የለም። የሚመታው ግን እሱ ነው።

ምክንያቱ ብዙም አይወሳሰብም። በፕሬዚዳንት ምርጫ ዓመት ትልቁን ስም ሊመርጥ የወጣ ሰው እግረ መንገዱን የፓርቲውን ሰዎችም ይመርጥላቸዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ትልቁ ስም የለም። ደስ ያለው ሰው ቤቱ ይቀመጣል፣ ያኮረፈው ግን ዝናብም ቢሆን ይወጣል።

«ሁሌ» የምትለዋን ግን ትንሽ ላለዝብብህ። በ1934 የፍራንክሊን ሩዝቬልት ፓርቲ በአጋማሽ ምርጫ መቀመጫ ጨምሯል። ቢሆንም ይሄ ከስንት አንዴ የሚሆን ነው። የ20ኛውን ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብታየው ተራ በተራ ነው የተመቱት። በ1910 ሪፐብሊካኖች ለ16 ዓመት የያዙትን የተወካዮች ምክር ቤት አጡ። በ1914 ዴሞክራቶች ወደ 60 መቀመጫ አጥተው ለጥቂት ተረፉ። በ1918 ሁለቱንም ምክር ቤቶች አስረከቡ። በ1922 ደግሞ ተረኛዎቹ ሪፐብሊካኖች ከ70 በላይ መቀመጫ ከስረው አብላጫውን በጭንቅ ያዙ።

የ1914ቱ ነገር ልብ ይባልልኝ። ዴሞክራቶች ያን ያህል የከሰሩት ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ስለጠላቸው አይደለም። በ1912 ብዙ መቀመጫ ያገኙት ሪፐብሊካኖች ለሁለት ተሰንጥቀው፣ ግማሹ ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ከቴዎዶር ሩዝቬልት ጋር ሄዶ ስለነበር ነው። የተጣሉት ሲታረቁ መቀመጫውም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ሌላም ነገር አለ፤ እስከ 1913 ድረስ ሴናተር የሚመርጡት የየክፍለ ሀገሩ ምክር ቤቶች ነበሩ። በ17ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ምርጫው ለሕዝብ ተሰጠ። ስለዚህ በመላ አገሪቱ ሕዝቡ ራሱ ሴናተር የመረጠበት የመጀመሪያው አጋማሽ ምርጫ የ1914ቱ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን። አንድ የአሜሪካ አፈ ጉባኤ በገዛ ፓርቲው ሰዎች ሥልጣኑን ተነጠቀ፣ ፓርቲውም በዚያው ዓመት ምርጫ ወደቀ የሚል አንብቤያለሁ። እስቲ አብራራልኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ሰውየው ጆሴፍ ካነን ይባላል፣ የኢሊኖይ ሰው። «አጎቴ ጆ» ነበር የሚሉት። ሲጋራው ከአፉ አይለይም፤ አፉም ቢሆን ለከት አልነበረውም። ከ1903 ጀምሮ አፈ ጉባኤ ነው፣ ግን አፈ ጉባኤ ስልዎ ስብሰባ የሚመራ ሰው ብቻ እንዳይመስልዎ። ማን የትኛው ኮሚቴ ውስጥ እንደሚገባ የሚመድበው እሱ ነው። የትኛው ረቂቅ ለውይይት እንደሚቀርብ የሚወስነው የደንብ ኮሚቴ 5 አባላት አሉት፤ ሰብሳቢው ራሱ ካነን ነው። አንድ ሕግ ካልጣመው፣ በቃ፣ ያ ሕግ አይነሳም።

በገዛ ፓርቲው ውስጥ ከምዕራብና ከመካከለኛው ምዕራብ የመጡ ወጣት ሪፐብሊካኖች ይሄ ነገር አንገፈገፋቸው። ከነሱ አንዱ የኔብራስካው ጆርጅ ኖሪስ ነበር። ኖሪስ የአፈ ጉባኤውን ሥልጣን የሚቀንስ የውሳኔ ሐሳብ ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ወረቀቱ እስኪጨማደድ ድረስ። የሚያቀርብበት ቀዳዳ ግን የለም፣ በሩን የያዘው ካነን ነዋ።

ቀዳዳውን የከፈተለት ራሱ ካነን ነው። በማርች 1910 ስለ ሕዝብ ቆጠራ የሚናገር አንድ ጉዳይ ከተራ ውጭ እንዲነሳ ተፈለገ። ካነን «ቆጠራ በሕገ መንግሥቱ የተጠቀሰ ነው፣ ስለዚህ ቅድሚያ ያገኛል» ብሎ ፈቀደ። ኖሪስ ይሄን ሲሰማ ወረቀቱን ከኪሱ መዘዘ። ምክር ቤቱ የራሱን ደንብ ያወጣል የሚለውም እኮ ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፏል! እንግዲህ የቆጠራው ቅድሚያ ካገኘ የኔስ?

ካነን ተያዘ። ደጋፊዎቹ ጊዜ ለመግዛት ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ አደሩ፣ ስብሰባው ከ24 ሰዓት በላይ ሳይቋረጥ ቀጠለ። በመጨረሻ ማርች 19 ቀን ድምፅ ተሰጠ። ወደ 40 የሚጠጉ ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር ቆሙና 191 ለ156 አለፈ። አፈ ጉባኤው ከደንብ ኮሚቴ ተባረረ። የሚገርመው ካነን ወዲያው «እንግዲያው ወንበሩንም ውሰዱት፣ ድምፅ ስጡ» አለ። ያመፁት ሪፐብሊካኖች እዚያ ድረስ አልሄዱም፤ ለዴሞክራት አፈ ጉባኤ መንገድ መጥረግ አልፈለጉም። ወንበሩ ላይ ቆየ፣ ጥርሱ ግን ወልቆ ነበር።

ምርጫው የመጣው ከ8 ወር በኋላ ነው። ፕሬዚዳንቱ ዊልያም ታፍት ናቸው። በ1909 የወጣው የቀረጥ ሕግ የኑሮ ውድነት ያቃልላል ተብሎ ሲጠበቅ የፋብሪካ ባለቤቶችን የሚጠቅም ሆኖ ወጣ፤ ታፍት ግን ሚኒሶታ ሄደው ፓርቲያችን ካወጣቸው የቀረጥ ሕጎች ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው ብለው ተናገሩ። ያኔ የስኳርና የጨርቅ ዋጋ የሚያሳስባት የቤት እመቤት በአብዛኛው ክፍለ ሀገር የመምረጥ መብት አልነበራትም እንጂ ውጤቱ ከዚህም ይብስ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ዴሞክራቶች ምክር ቤቱን ያዙ። የሚዙሪው ቻምፕ ክላርክ አፈ ጉባኤ ሆነ። ከሚልዋኪ ደግሞ ቪክቶር በርገር የሚባል ሶሻሊስት ገባ፣ ለኮንግረስ (ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድ ላይ) የመጀመሪያው ሶሻሊስት ነው።

ስለዚያች ዕለት አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ውድሮ ዊልሰን የኒው ጀርሲ ገዢ ሆኖ የተመረጠው ያን ቀን ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለኒው ዮርክ ሴኔት የተመረጠውም ያን ቀን። ዋረን ሃርዲንግ ደግሞ የኦሃዮ ገዢነት ውድድር ተሸነፈ። ሦስቱም ኋላ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ቡና እየጠጣን ተጨቃጨቅን። እሱ «በ1918 ዊልሰን የተሸነፈው አሜሪካኖች የመንግሥታት ማኅበርን ስለጠሉ ነው» ይላል። እኔ አልመሰለኝም። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ አንተ ነህ፣ ወንድሜ። ቡናውን እሱ ይክፈል።

ቀኑን እይ። ምርጫው የተደረገው ኖቬምበር 5 ቀን 1918 ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያበቃው ኖቬምበር 11። የሰላም ጉባኤው ገና አልተጀመረም፣ ውሉ አልተጻፈም፤ የመንግሥታት ማኅበር የሚባለው ነገር በፕሬዚዳንት ዊልሰን የሰላም ዕቅድ፣ በ14ቱ ነጥቦች መጨረሻ ላይ ያለ ሐሳብ ነበር። የካንሳስ ገበሬ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ ማኅበሩ ኋላ የተቀመጠባትን ጄኔቫን እያሰበ አልሄደም። ስንዴውን እያሰበ ነው የሄደው።

የስንዴው ታሪክ እንዲህ ነው። መንግሥት በጦርነቱ ምክንያት የስንዴን ዋጋ ወስኖ ነበር፣ ለአንድ ቡሼል 2 ዶላር ከ20 ሳንቲም። ቡሼል 27 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በኩንታል ሲመታ 8 ዶላር ያህል ይመጣል። ለሰላም ጊዜ ጥሩ ዋጋ ነው። ገበሬው ግን የማረሻው፣ የጫማው፣ የሠራተኛው ዋጋ ሲሰቀል እያየ የሱ ስንዴ ብቻ ታስሮ ቀረ። ኮንግረስ ወደ 2 ዶላር ከ40 ከፍ ይበል ብሎ አሳለፈ፤ ዊልሰን በጁላይ 1918 ቬቶ አደረጉት። ይሄ ብቻ ቢሆን ምናልባት ይታለፍ ነበር። ያቃጠላቸው የጥጥ ነገር ነው። ጥጥ የሚበቅለው በደቡብ ነው፣ ደቡብ ደግሞ የዴሞክራቶች አገር ነው፣ የምክር ቤቱን ትልልቅ ኮሚቴዎች የያዙትም የደቡብ ሰዎች ናቸው። የጥጥ ዋጋ ላይ ጣሪያ የሚባል ነገር አልተደረገም፣ እንደፈለገው ተተኮሰ። እንግዲህ የካንሳስና የኔብራስካ ገበሬ ምን ይበል? «የኛ ይታሰር፣ የነሱ ይለቀቅ?» ሪፐብሊካኖች ይሄን አልሳቱትም፣ ከመንደር መንደር ይዘውት ዞሩ። ካንሳስ ዴሞክራት ሴናተሯን አሰናብታ የገበሬዎች ጋዜጣ አሳታሚ የነበረውን ሪፐብሊካኑን አርተር ካፐርን ላከች።

ሁለተኛው ምክንያት ዊልሰን ራሳቸው ናቸው። በሜይ ወር «ጦርነት ላይ ስለሆንን የፓርቲ ፖለቲካ ይቆይ» ብለው ነበር። ሪፐብሊካኖችም በጦርነቱ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ደግፈዋቸዋል፣ አንዳንዴም ከገዛ ፓርቲያቸው የበለጠ። ከዚያ ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው ፕሬዚዳንቱ ለሕዝቡ መግለጫ አወጡ፦ እኔን የምታምኑ ከሆነ በሁለቱም ምክር ቤቶች ዴሞክራቶችን ስጡኝ፣ አለዚያ ውጭ አገር ያለው ሰው እንደካዳችሁኝ ይቆጥረዋል፤ ጥቅሉ ይሄ ነው። እንዴ! ልጃቸውን ፈረንሳይ ግንባር የላኩ ሪፐብሊካን ወላጆች ምን ይሰማቸው? ለዓመታት ተኮራርፈው የነበሩት ታፍትና ቴዎዶር ሩዝቬልት እንኳ በዚህ ጉዳይ አንድ ላይ ሆነው መልስ ሰጡ። በኔ ግምት ዊልሰን ያን መግለጫ ባያወጡም ይሸነፉ ነበር። ግን ካወጡት በኋላ ሽንፈቱ የፓርቲያቸው ብቻ መሆኑ ቀረና በገዛ እጃቸው የራሳቸው አደረጉት።

ደግሞ በሽታው አለ። ያው እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ኢንፍሉዌንዛ ነው። የምርጫው ቀን በኛ ጥቅምት 26 ቀን 1911 ዓ.ም. ላይ ነው የሚውለው፤ አዲስ አበባን ያ በሽታ ሲያጠቃት አሜሪካም እዚያው ውስጥ ነበረች። በብዙ ከተሞች ስብሰባ ተከልክሎ ስለነበር ተወዳዳሪዎች አዳራሽ ሞልተው ንግግር ማድረግ አልቻሉም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሰው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ነው የመረጠው።

ውጤቱ፦ በተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች 240፣ ዴሞክራቶች 192 ገደማ። ሴኔቱ 49 ለ47፣ ለሪፐብሊካኖች።

ጓደኛህን ሙሉ በሙሉ አናሳፍረው፣ የመንግሥታት ማኅበር ነገር ውስጡ አለበት። ግን እንደ ምክንያት ሳይሆን እንደ ውጤት ነው። ሴኔቱ በሁለት ወንበር ሲገለበጥ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ሰብሳቢነት ለማሳቹሴትሱ ሄንሪ ካቦት ሎጅ ደረሰው። ሎጅና ዊልሰን ዓይንና ናጫ ነበሩ። ሎጅ ኮሚቴውን በማኅበሩ ተቃዋሚዎች ሞላው። ከዚያ የቬርሳይ ውል፣ ማለት የማኅበሩ መመሥረቻም ያለበት የሰላም ውል፣ ሲመጣለት ምን አደረገ መሰለህ? ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ አነበበው። ሁለት ሳምንት ፈጀ። የሚሰማው ሰው ጥቂት ነበር፣ ሎጅም መሰማቱን አልፈለገም። የፈለገው ጊዜ ነው። ዊልሰን በበኩላቸው ሕዝቡን ላሳምን ብለው በባቡር አገር ሲዞሩ ሴፕቴምበር 1919 ኮሎራዶ ላይ ደከሙ፣ ዋሽንግተን እንደተመለሱም አንጎላቸው ውስጥ ደም ረግቶ ሽባ ሆኑ። ከአልጋቸው ሆነው ግን ሎጅ ያቀረባቸውን ማሻሻያዎች እንዳትቀበሉ እያሉ ሰዎቻቸውን ያዙ ነበር። ውሉ በኖቬምበር 1919 ወደቀ። በማርች 1920 ድጋሚ ቀርቦ 49 ለ35 ድምፅ አገኘ፤ ሁለት ሦስተኛ ስለሚያስፈልግ በ7 ድምፅ ጎደለ።

ስለዚህ መራጩ ስለ ስንዴ ነው የመረጠው፣ የተወሰነው ግን የቬርሳይ ውል ነው። አጋማሽ ምርጫ ላይ እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። አንተም እዚያው ሜሪላንድ ስለምትመርጥ፣ በሚቀጥለው አጋማሽ ምርጫ የኮሚቴ ሰብሳቢዎቹ እነማን እንደሚሆኑ ቀድመህ ብታይ አይከፋም።

ጥያቄ፦ የመኪናው ሄንሪ ፎርድ ለሴኔት ተወዳድሯል እንዴ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አዎ፣ በዚያው በ1918፣ በሚቺጋን። ዊልሰን ለምነውት በዴሞክራት ስም ገባ። ንግግር አላደረገም፣ ገንዘብም አላወጣም ማለት ይቻላል። ያሸነፈው ትሩማን ኒውቤሪ ነው፣ ከ8 ሺህ ባነሰ ድምፅ። አሁን ከላይ ያለውን 49 ለ47 አስታውስ። ያቺ አንዲት ወንበር ለፎርድ ብትሆን ኖሮ 48 ለ48 ይሆንና ዴሞክራቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ቶማስ ማርሻል ሚዛኑን ይደፋ ነበር፤ ሎጅም ኮሚቴውን ባልያዘ። ኒውቤሪ ሕግ ከፈቀደው በብዙ እጥፍ የበለጠ ገንዘብ ወጣለት ተብሎ ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፣ ከዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረለት። ጭቅጭቁ አላባራ ሲል በኖቬምበር 1922 በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። ውሉ ከወደቀ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፍልህ። አያቴ ማይጨው ዘምተዋል። አሜሪካ የመንግሥታት ማኅበር አባል ብትሆን ኖሮ ጣሊያን አይደፍረንም ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ «አይደፍረንም ነበር» ለማለት አልደፍርም። የሚታወቀውን ልንገርሽ።

ኢትዮጵያ ማኅበሩን የተቀላቀለችው ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 ነው። በኛ ሲቆጠር መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት። አሜሪካ ያኔም አባል አልነበረችም፣ ኋላም አልሆነችም። ጣሊያን በኦክቶበር 1935 ስትወረን ማኅበሩ ማዕቀብ ጣለ፣ ግን ነዳጅን አልነካም። ሙሶሊኒ የፈራው ነዳጁን ነበር፤ ታንኩና አውሮፕላኑ በምን ይንቀሳቀስ? እንግሊዝና ፈረንሳይ ሲጠየቁ «ትልቋ የነዳጅ አምራች አሜሪካ ከማኅበሩ ውጭ ናት፣ እኛ ብንከለክል እሷ ትሸጥለታለች» አሉ። የአሜሪካ የገለልተኝነት ሕግ የጦር መሣሪያ ሽያጭን ለሁለቱም ወገን ከለከለ። ይሄ እንግዲህ ጣሊያንን ብዙም አልጎዳም፣ የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ የተጎዳነው እኛ ነን። ነዳጅ ግን በሕጉ አልተካተተም፣ ለጣሊያን የሚላከው የአሜሪካ ነዳጅም ጨመረ።

ስለዚህ ያቺ የ1920 የ7 ድምፅ ጉድለት አዎ፣ እኛ ጋ ደርሳለች። ግን ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ጥሩ ሰበብም ሆናለች። የስዌዝ ቦይ ላይ የተቀመጠችው እንግሊዝ ነበረች፣ አሜሪካ አይደለችም። የጣሊያን ወታደር ያን ቦይ አቋርጦ ሲያልፍ ማንም አላስቆመውም። በዲሴምበር 1935 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሚኒስትሮች፣ ሆርና ላቫል፣ አገራችንን ቆርሰው ለጣሊያን ለመስጠት በምስጢር ሲዶልቱ ተይዘዋል። ጃንሆይ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ ቆመው የወቀሱትም ቃል ገብተው የነበሩትን የማኅበሩን አባላት ነው። እኔም ብሆን ቅድሚያ የምወቅሰው ፈርመው የካዱትን ነው፣ ሳይፈርም የቀረው ሁለተኛ ይሁን።

ጥያቄ፦ የድሮ የኮንግረስ አባል ከተመረጠ በኋላ ሥራ እስኪጀምር ዓመት ይጠብቃል ሲባል ሰማሁ። ቀልድ ነው? (ከሪያድ)

መልስ፦ ቀልድ አይደለም። ኖቬምበር ላይ ይመረጣል፣ የሥራ ዘመኑ ማርች 4 ይጀምራል፣ ኮንግረሱ ግን በመደበኛው የሚሰበሰበው ዲሴምበር ላይ ነው። 13 ወር! በመሀሉ የተሸነፉት ሰዎች ምርጫው ካለፈ በኋላም እስከ ማርች ድረስ ቁጭ ብለው ሕግ ያወጣሉ። ካነን በኖቬምበር 1910 ምክር ቤቱን አጥቶ እስከ ማርች 1911 አፈ ጉባኤ ነበር።

ፕሬዚዳንቱ ከፈለገ ግን አስቸኳይ ስብሰባ መጥራት ይችላል። ታፍት ከካናዳ ጋር ያደረጉት የንግድ ስምምነት እንዲያልፍላቸው በኤፕሪል 1911 ጠርተዋል። ዊልሰን በ1919 መጥራት አልፈለጉም፣ እሳቸው ፓሪስ ላይ ሲደራደሩ ሎጅ ዋሽንግተን ላይ መድረክ እንዲያገኝ ማን ይፈልጋል? ሪፐብሊካኖች ግን ብልጥ ነበሩ። የድሮው ኮንግረስ ሊበተን ሲል ሴኔቱ ውስጥ ንግግራቸውን እያንዛዙ የበጀት ሕጎች ሳያልፉ ሰዓቱ እንዲሞላ አደረጉ። መንግሥት ያለ ገንዘብ አይሄድም፣ ዊልሰንም ወደው ሳይሆን ተገደው አዲሱን ኮንግረስ ለሜይ 19 ጠሩት። አዲሱ ምክር ቤት በተከፈተ በሦስተኛው ቀን የሴቶችን የመምረጥ መብት አሳለፈ፣ ሴኔቱም ጁን 4 ቀን ተከተለ። ይሄው ማሻሻያ ከወራት በፊት በድሮው ሴኔት ሁለት ጊዜ ወድቆ ነበር።

የ13 ወሩ ነገር የቀረው በ1933 በ20ኛው ማሻሻያ ነው። አርቃቂው ያው ወረቀት በኪሱ ይዞ የሚዞረው ኖሪስ ነው፣ ያኔ ሴናተር ሆኗል። አሁን የተመረጡት ጃንዋሪ 3 ቀን ይገባሉ።